ስለ ላላ የማርሽ እጀታ

አሮጌ መኪና ያለው ቤተሰብ ሁሉ አንድ ቀን የሚደርስበት ነገር አለ፤ ይኸውም የማርሹ እጀታ እንደ ገንፎ ማማሰያ በእጅ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲዋልል፥ ሁለተኛው ማርሽ የት እንደ ሆነ ነጂው በግምት ሲፈልግ መገኘቱ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ካምቢዮው ሞተ» ብሎ ይደነግጣል። እኔም ደንግጬ ነበርና የደረሰብኝን ላስቀድም።

በእጄ ያለችው ከአባቴ የተረፈችኝ ቮልስዋገን ናት፤ ያች ጀርባዋ እንደ ኤሊ የጎበጠው፥ ሞተሯ ከኋላ የሆነው። ይህ ዓይነት መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ የመጨረሻው በሜክሲኮ አገር በፑኤብላ ከተማ ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ከፋብሪካ ወጥቷል። እንግዲህ አንድ ቀን ልጆቹን ከኋላ አስቀምጬ የእንጦጦን ዳገት ስወጣ ከሁለተኛው ወደ አንደኛው ማርሽ ለመመለስ ብሞክር እጀታው ባዶ ቦታ ገባ። መኪናይቱም ቆመችና ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ፍሬኑ ባይዝ ኖሮ ከኋላችን የጭነት መኪና ይመጣ ነበር። ባለቤቴ በዚያ ቀን የተናገረችኝን ቃል ሁሉ እዚህ አልጽፈውም።

በማግሥቱ የወሰድኋት ጋራዥ «ካምቢዮው ይወርዳል፥ ሌላም መግዛት ያስፈልጋል» አለ። የጠየቀኝ ገንዘብ ለልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ካስቀመጥነው የሚበልጥ ነበር። መኪናይቱን ለመሸጥ ቆርጬ ሳለሁ የሠፈራችን አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነገሩን ሰምተው፥ «ልጄ፥ መስኮት ተንቀጠቀጠ ተብሎ ቤት ይፈርሳል? በመጀመሪያ የኋላውን መቀመጫ አንሣ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህች መኪና እጀታው ከፊት፥ ካምቢዮው ግን ከኋላ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው በወለሉ መካከል በተደፋው ቦይ ውስጥ የሚሄድ ረጅም የብረት ዘንግ ነው። ዘንጉ ከፊት በኩል መካኒኮች ቦኮላ በሚሉት ትንሽ የፕላስቲክ ቀለበት ውስጥ ያልፋል፤ ከኋላ ደግሞ ጎሚኒ ባለበት ማያያዣ ከካምቢዮው ጋር ይገናኛል። ቀለበቱ ሲሰነጠቅ ወይም ጎሚኒው ሲደርቅ እጁ የሚያዘውን ማርሹ አይሰማም። ካምቢዮው ግን ምንም አልሆነ ይሆናል።

በሽታው የት እንዳለ ለማወቅ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። መኪናው በሜዳ ላይ ቆሞ፥ ሞተሩ ጠፍቶ፥ የእጅ ፍሬን ተይዞ፥ ጎማዎቹም በድንጋይ ተደግፈው የኋላው መቀመጫ ይነሣል። በዚያ ባትሪ ስላለ ክዳኑን አታንሡ። ክዳኑ የጠፋ እንደ ሆነ ሌላ ይሠራለት፤ የመቀመጫው ሞላ የባትሪውን ራስ ነክቶ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና። በቦዩ መጨረሻ ላይ በካቻቢቴ የምትፈታ ትንሽ ክዳን አለች፤ እርሷ ስትከፈት ማያያዣው ይታያል። የአሥር ዓመት ልጄ ከፊት ተቀምጣ እጀታውን ቀስ ብላ ስታወዛውዝ እኔ ከኋላ ሆኜ ተመለከትሁ።

እጀታው ሲወዛወዝ ዘንጉ ዝም ካለ ጥፋቱ ከፊት ነው፤ ከእጀታው ሥር ወይም ከቦኮላው። ዘንጉ ዞሮ ከማያያዣው ወዲያ ያለው ብረት ዘግይቶ ከተከተለ ጥፋቱ የማያያዣው ነው። ሁለቱም አብረው እየሄዱ ማርሹ በጉዞ ላይ ተወርውሮ የሚወጣ ከሆነ ግን ካምቢዮውን የተሸከሙት ጎሚኒዎች ይታዩ፤ እነርሱም ደህና ከሆኑ ያን ጊዜ ካምቢዮውን መጠርጠር ይገባል። የእኔው ጎሚኒ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈርፍሮ ተገኘ።

አዲሱን ማያያዣ ስንገጥም ሽማግሌው አጥብቀው ያስጠነቀቁኝ ስለ አንዲት ቡሎን ነበር። ጫፏ ከካምቢዮው በሚወጣው ብረት ላይ ባለች ጎድጓዳ ስፍራ በትክክል መግባት አለባት፤ ከጠበቀችም በኋላ በቀጭን ሽቦ ትታሰራለች። የእኔ መኪና ሽቦ አልነበራትም፤ ማን ፈትቶ እንደ ረሳው እንጃ። ሽቦ የሌላት ቡሎን በመንቀጥቀጥ ብዛት ትላላለች፤ ያን ጊዜ መኪናው ሜዳ ላይ ማርሽ አልባ ሆኖ ይቀራል።

ጥፋቱ ከፊት የሆነባችሁ እንደ ሆነ እጀታውን የያዙትን ሁለት ቡሎኖች ከመፍታታችሁ በፊት የእግሩን ዙሪያ በምስማር ጫር አድርጋችሁ ምልክት አኑሩ። ከሥሩ የምትገኘው ቀጭን የብረት ሳህን ነጂው ሁለተኛውን ሲፈልግ ወደ ኋላ ማርሽ እንዳይገባ የምትከለክል ናት። በየትኛው ፊቷ እንደ ተቀመጠች ሳታዩ አታውጧት፤ ተገልብጣ ከገባች ማርሹ እንደ ወትሮው አይገባም። ቦኮላውን ለመለወጥ ግን ማያያዣውን ፈትቶ ዘንጉን ማንሸራተት ግድ ስለሚሆን ትዕግሥትና ረጅም አፍ ያለው ፒንሳ ይጠይቃል። ለዚህ ሥራ መካኒክ ብትጠሩ አያሳፍርም። የሚነካካው ሁሉ ግሪስ ይቀባ፤ ሲታሰርም ሁሉም ማርሽ እስኪገባ ድረስ እጀታውን ጥቂት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ እያስጠጉ ማስተካከል ነው።

ሌላ መኪና ያላችሁም አትከፉ። ሞተሩ ከፊት ሆኖ የኋላ ጎማ በሚገፋው አሮጌ ኮሮላ እጀታው በቀጥታ ካምቢዮው ላይ ስለሚቀመጥ ክብ ጫፉን የሚይዘው ፕላስቲክ ያልቃል፤ በላዳም እጀታው ውስጥ ያሉት ትናንሽ ጎሚኒዎችና ፕላስቲኮች ናቸው የሚያረጁት።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን ስንነዳ እጃችንን እጀታው ላይ አሳርፈን መሄድ ልማዳችን ነው። ይህ ክብደት በካምቢዮው ውስጥ ማርሹን የሚገፋውን መንታ ብረት ሳያቋርጥ ስለሚያሻሸው ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ያ ሲያልቅ ደግሞ በእውነት ካምቢዮ ይወርዳል። እኔም ይህን ልማድ ለመተው እየታገልሁ ነው፤ ልጄ ከኋላ ሆና ትቆጣጠረኛለች። የተፈረፈረውንም ጎሚኒ ለማስታወሻ ብላ በእርሳስ መያዣዋ ውስጥ አኑራዋለች።