ራዲዮ ለሚገዙ ቤተሰቦች ምክር

በአገራችን የራዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር፣ ራዲዮ በጥቂት ሰዎች ቤት ብቻ የሚገኝ ብርቅ ዕቃ ነበረ። ዛሬ ግን በለገዳዲ የሚኖር ቤተሰብ ከዕቁብ በደረሰው ገንዘብ ራዲዮ ለመግዛት ይችላል። ስለዚህ ባልና ሚስት «ርካሹን አዲስ እንግዛ ወይስ የቀድሞውን?» እያሉ ይማከራሉ። ማንበብ ለማይችሉት አረጋውያን ወሬ የሚደርሳቸው በዚሁ ዕቃ ነውና፣ ምክሩ ቀላል አይደለም።

የቀድሞው ባለእንጨት ሣጥን ራዲዮ ድምፅ ማጉያው ሰፊ ስለ ሆነ፣ ድምፁ ወፍራምና ለጆሮ የተመቸ ነው። ዳሩ ግን በውስጡ ያለው እንደ አምፖል የሚበራ የመስታወት ቫልቭ ሲቃጠል ምትኩን ማግኘት ያስቸግራል። በ1947 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበው የትራንዚስተር ራዲዮ ቫልቭ ስለማያሻው ትንሽና ቀላል ሆነ፤ በባትሪ ድንጋይም ይሠራል። የዛሬው ርካሽ ራዲዮ የዚሁ ዘር ነው፤ ነገር ግን ማጉያው ትንሽ ስለ ሆነ ድምፁ ይቀጥናል።

ይሁን እንጂ ከዕድሜው አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው የሚቀበለው ሞገድ ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራ ይጋርደዋል፤ አጭር ሞገድ ግን ከላይኛው አየር ተንጸባርቆ ሩቅ አገር ይደርሳል። ለገዳዲ ለአዲስ አበባ ቅርብ በመሆንዋ፣ እንደ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ያለውን ለመስማት ርካሹ ይበቃል። ወደ መንዝ ወይም ወደ ላስታ ለዘመድ የሚላክ ከሆነ ግን፣ በዚያ ስፍራ በምን ሞገድ እንደሚሰማ አስቀድሞ ይጠየቅ።

አሮጌውን የሚገዛም ይጠንቀቅ። አንዳንዱ ኤፍ ኤም ከቶ የለውም። ለሶቪየት ኅብረት አገር ውስጥ ከተሠሩት የብዙዎቹ የኤፍ ኤም መስመር በ74 ሜጋ ኸርዝ፣ ለጃፓን አገር ውስጥ ከተሠሩትም የብዙዎቹ በ90 ያበቃል። መልኩ ቢያምርም 97.1ን ሊያሰማ አይችልም።

እንግዲህ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ራዲዮው በሱቁ ውስጥ ይከፈት፤ መርፌው ከዳር እስከ ዳር ይሂድ፤ ድምፁም ከፍ ተደርጎ እንዳይሰነጠቅ ይደመጥ። በኤሌክትሪክ የሚሞላው ባትሪ ሲደክም የሚለወጥ መሆኑ፣ ወይም ራዲዮው ድንጋይ መቀበሉ ይታይ። እንዲህ ተመርምሮ የተገዛ ራዲዮ፣ አዲስም ሆነ አሮጌ፣ የቤተሰቡን ገንዘብ አያባክንም።