አውቶሞቢሉን የሸጠውና ቤቱን ያስያዘው

ልጅ ለእናት ለአባቱ «አናጢ ልሁን» ብሎ ቢለምን በብዙው ቤት የሚያገኘው መልስ የታወቀ ነው። የባላባት ልጅ እንደ ሆነ እናቲቱ ታለቅሳለች፤ የጸሐፊ ልጅ እንደ ሆነ አባትዮው ይቈጣል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ባስነገሩት ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው መሳደብን ከልክለው ነበር፤ ብረት የሚሠራው ጠይብ፣ የሚጽፈው ጠንቋይ መባሉ እንዲቀር አዘዙ። ዐዋጁ እኛን ጸሐፊዎችንም ጭምር ያዳነ ስለ ሆነ ልንዘነጋው አይገባም። እኛ ከስድቡ ወጥተናል፤ ብረት ቀጥቃጩና አናጢው ግን ዛሬም ፈጽመው አልወጡም።

ነገሩ በላስታ አገር ይበልጥ ያስደንቃል። ከኩልመስክ ተነሥቶ ላሊበላ የሚገባ መንገደኛ 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት ሲያይ ከአለት ተፈልፍለው የወጡ መሆናቸውን ያስተውላል። ሰው ቀን የጠረበውን መላእክት ሌሊት እጥፍ አድርገው ይጨምሩለት እንደ ነበረ አበው ይተርካሉ። መላእክት ያልናቁትን መሮ የሰው ልጅ ስለ ምን ይንቀዋል?

ዛሬ ታሪኩን የምናቀርበው ኩባንያ ብላክና ዴከር ይባላል። በአሜሪካ አገር በባልቲሞር ከተማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1910 ተቋቋመ፤ ይኸውም ከምኒልክ ዐዋጅ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ቈይቶ ነው። (ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ደንከን ብላክና አሎንዞ ዴከር ቀድሞ በአንድ የቴሌግራፍ ኩባንያ ሲያገለግሉ የተዋወቁ ወጣቶች ነበሩ። የራሳቸውን ሥራ ለመጀመር በቂ ገንዘብ ስላልነበራቸው ብላክ አውቶሞቢሉን በ600 ዶላር ሸጠ፤ ዴከርም ቤቱን አስይዞ 600 ዶላር ተበደረ። በእኔ አስተያየት ከሁለቱ የዴከር ይከብዳል። አውቶሞቢል ቢሸጥ የሚጐዳው የባለቤቱ ኩራት ነው፤ ቤት ሲያዝ ግን የሚስትና የልጅ ማደሪያ ነው የሚያዘው። ዴከርም ያን ጊዜ ትንሽ ወንድ ልጅ ነበረው።

በመጀመሪያ የሠሩት ሁሉ ሌላ ሰው ያዘዛቸውን ነበር፤ የወተት ጠርሙስ ክዳን የሚሠራ መኪና፣ ከረሜላ የሚነክር መኪና፣ ይህንንም የመሳሰለ። በኤሌክትሪክ የሚዞር የእጅ መሰርሰሪያ በዚያን ጊዜ አዲስ ነገር አልነበረም፤ በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ከተማ የነበረው የፋይን ኩባንያ በ1895 ሠርቶት ነበር። ነገር ግን መያዣው ለእጅ የማይመች ነበር። ሁለቱ ባልንጀሮች መያዣውን እንደ ሽጉጥ አበጁት፤ ማብሪያውንም በቃታው ስፍራ አኖሩት። ሠራተኛው በአንድ ጣቱ ሲስበው ሞተሩ ጥርስ ያላቸውን መዘውሮች ያዞራል፤ መዘውሮቹም ፍጥነቱን ቀንሰው ኀይሉን ጨምረው ለመብሻው ብረት ያደርሱለታል። ጣቱን ሲለቅ ወዲያው ይቆማል። ለዚህ ሥራቸው በ1917 የባለ መብትነት ደብዳቤ ተሰጣቸው፤ በዚያው ዓመት በታውሰን ፋብሪካ አቆሙ። በመላው ዓለም ያለ አብዛኛው የእጅ መሰርሰሪያ እስከ ዛሬ የሚያዘው በዚህ ዐይነት ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንድ የሚያስገርም ነገር ሆነ። በአውሮፕላን ፋብሪካ የሚሠሩት ሰዎች መሰርሰሪያውን እየሰረቁ ወደ ቤታቸው ይወስዱት ጀመር። እኛ በችሎት የምንውል ሰዎች በእንዲህ ያለ ነገር ሌባውን እንመረምራለን እንጂ የተሰረቀው ዕቃ ስለ ምን እንደ ተወደደ አንጠይቅም። ኩባንያው ግን ጠየቀ። ሰዎቹ የሚሰርቁት በቤታቸው መደርደሪያ ለመስቀል፣ የተሰበረ ወንበር ለመጠገን መሆኑን ተረዳ፤ በ1946ም ለቤት የሚሆን ትንሽ መሰርሰሪያ በ16 ዶላር ከ95 ሳንቲም ለገበያ አወጣ። እስከዚያ ድረስ የፋብሪካ ዕቃ የነበረው እንዲህ ሆኖ የቤተ ሰብ ዕቃ ሆነ። አባት ከጽሕፈት ቤት ተመልሶ ኮቱን አውልቆ ከልጁ ጋራ እንጨት ሲበሳ ጎረቤት ቢያየው የሚያፍር አልነበረም።

በ1961 ያለ ሽቦ በባትሪ የሚሠራውን አወጡ፤ ይህም የኤሌክትሪክ መስመር ላልደረሰው የገጠር አናጢ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ባትሪውን ከከተማ ሞልቶ ሊመለስ ይችላልና። ብዙ ሰው ይህ ዕቃ ለጨረቃ ጕዞ የተፈለሰፈ ይመስለዋል፤ ቀድሞ ግን ለምድር ነበር። የአፖሎ 15 ተጓዦች በ1971 የጨረቃን መሬት የበሱበት መሰርሰሪያ ሲሠራ ኩባንያው ተካፍሎበታል።

ዕቃውን በቤታችሁ የምታስገቡ አባቶችና እመቤቶች፣ መብሻውን ብረት ከመለወጣችሁ አስቀድሞ ሽቦውን ከግድግዳው ንቀሉ፤ ባትሪም እንደ ሆነ አውጡት። የሚሰረስረው ሰው ዐይኑን በመነጽር ይከልል፤ ነጠላና ሰፊ እጅጌ በመብሻው እንዳይጠመጠም ይሰብሰብ። ልጅ የሚበሳውን እንጨት በእጁ ይዞ ሳይሆን በማሰሪያ አጥብቆ ይሥራ።

ብላክ በ1951፣ ዴከርም በ1956 ዐረፉ። ቤቱ በተያዘበት ጊዜ ትንሽ የነበረው የዴከር ልጅ ከፍ ካለ በኋላ በአባቱ ፋብሪካ ሠርቶ የኩባንያው ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደረሰ። ኩባንያውም በተመሠረተ በ100ኛው ዓመት፣ በ2010፣ ከ1843 ጀምሮ ከነበረው ከስታንሊ ኩባንያ ጋራ ተዋሕዶ ስታንሊ ብላክና ዴከር ተባለ።