«ክሪሚናል ኬዝ»፤ የወንጀል ምርመራ ጨዋታ ጥቅሙና ጉድለቱ



ማታ ማታ በየቤታችን አንገታችንን በስልክ ላይ ደፍተን ስንታይ፣ ወላጆቻችን ትምህርት የምናጠና ይመስላቸው ይሆናል። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ የምንጫወተው ጨዋታ ነው። ከጨዋታዎቹም አንዱ «ክሪሚናል ኬዝ» የሚባለው ነው። እኔም ከተጫዋቾቹ አንዱ ስለ ሆንሁ፣ ስለ ጥቅሙና ስለ ጉድለቱ የሚሰማኝን ለመግለጽ ተነሣሁ። የማመሰግነው ስለ ተማርሁበት ነው፤ የምወቅሰውም በእርሱ ተመክቼ ሰው ስለ በደልሁ ነው።

አስቀድሜ ጨዋታውን ለማያውቁት ላስረዳ። የሠራው ፕሪቲ ሲምፕል የተባለ የፓሪስ ኩባንያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በፌስቡክ ላይ ወጣ፤ በኋላም ወደ እጅ ስልክ መጣ። ተጫዋቹ ግሪምስቦሮ በምትባል የፈጠራ ከተማ ፖሊስ ይሆናል። ሰው ተገድሎ ይገኛል። ተጫዋቹ በሥዕሉ ውስጥ የተደበቁትን ዕቃዎች እየፈለገ ማስረጃ ይሰበስባል፤ አስከሬኑ ይመረመራል፤ ተጠርጣሪዎችም ይጠየቃሉ። ገዳዩ ሲጋራ ያጨሳል፣ የደሙ ዓይነት ይህ ነው፣ እየተባለ ምልክቱ ይጠራቀምና፣ በመጨረሻ ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ይያዛል።

ጥቅሙ ሦስት ነው። መጀመሪያ ዓይንን ያነቃል፤ ችላ ብለን የምናልፈውን ትንሽ ነገር እንድናስተውል ያደርጋል። ሁለተኛ፣ ፊቱ ክፉ የሚመስለው ሰው ብዙ ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ስለሚገኝ፣ በመልክ መፍረድ ከንቱ መሆኑን ያሳያል። ሦስተኛ፣ የሚነገረውን ለማወቅ መዝገበ ቃላት ስለምንገልጥ እንግሊዝኛችን ይሻሻላል።

ጉድለቱ ግን ከዚህ ይበልጣል። አንድ ቦታ ለመፈተሽ 20 ነጥብ ኃይል ይከፈላል፤ መሙያው ደግሞ 110 ብቻ ነው። ስለዚህ ከአምስት ፍተሻ በኋላ ወይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ፣ ወይ በገንዘብ መግዛት ግድ ይሆናል። ከዚህም በላይ ዕቃውን ፈጥኖ ያገኘ ብዙ ነጥብ ስለሚሰጠው፣ ጨዋታው ችኮላን ይሸልማል። አባቶቻችን ግን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለዋል።

ትልቁ ጉድለት ሌላ ነው። በጨዋታው ጥፋተኛው ሁልጊዜ ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ነው። ተሳስተን ንጹሑን ብንጠቁም እንደገና ምረጡ እንባላለን እንጂ፣ የተጠቆመው ሰው ምን እንደ ደረሰበት አይነገረንም። እ.ኤ.አ. በ1946 የፈረንሳይ ሐያስያን አንዳንድ የአሜሪካን የወንጀል ፊልሞች «ኖዋር»፣ ማለትም «ጥቁር»፣ ብለው ሰይመዋቸው ነበር። በእነዚያ ፊልሞች መርማሪው ራሱ ብዙ ጊዜ ይታለላል፤ ስለ ስሕተቱም ዋጋ ይከፍላል። ይህ የስልክ ጨዋታ ግን ሬሳውንና ጨለማውን ጎዳና ወስዶ፣ የመርማሪውን ስሕተት ትቶታል።

ይህን የተረዳሁት በራሴ ጥፋት ነው። ባለፈው ዓመት በክፍላችን የአንዲት ተማሪ ካልኩሌተር ጠፋ። እኔም መርማሪ ነኝ ብዬ ተነሣሁ። ከዴስኳ አጠገብ የጭቃ ጫማ ምልክት አየሁ፤ ከክፍል መጨረሻ የወጣው ማን እንደ ሆነም ጠየቅሁ። ሁለቱም ምልክቶች በአንድ ልጅ ላይ ተገጣጠሙልኝና በተማሪዎች ፊት ስሙን ጠራሁ። ይህ ልጅ ከቡሬ ወዲህ ካለው ገጠር መጥቶ በከተማችን ቤት ተከራይቶ የሚማር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለስንቅ ወደ ወላጆቹ የሚመለስ ነው። ምንም አልመለሰም። ሦስት ቀንም ከትምህርት ቀረ።

በአራተኛው ቀን ካልኩሌተሩ ከባለቤቲቱ ታናሽ ወንድም ዘንድ ተገኘ። ልጁ መጨረሻ የወጣው የጽዳት ተራኛ ስለ ነበር ነው። ጭቃውም የመንገዱ ጭቃ ነበር። ይቅርታ ስጠይቀው፣ «ሁላችሁም አያችሁኝ፤ የጠየቀኝ ግን አልነበረም» አለኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ነገሩን ለአያቴ ባጫውታቸው፣ የድሮውን የሌባሻይ ልማድ አነሡልኝ። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና በገመድ ተይዞ ይለቀቃል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። እኔም ያን ቀን ሌባሻይ ሆኜ ነበር፤ መድኃኒቴም ስልክ ነበር። አውጫጪኝ ወይም አፈርሳታ በሚባለው ደግሞ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ እየተጠየቀ፣ ጥፋተኛው ካልተገኘ የጠፋውን ሕዝቡ በጋራ ይከፍል ነበር። በዚህም ንጹሑ ይጎዳ ነበር፤ ቢሆንም የምርመራ ስሕተት ዕዳ እንዳለው ሁሉም ያውቅ ነበር። ዛሬ ደግሞ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3፣ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት ሰጥቶታል። ለተከሰሰው እንዲህ ከሆነ፣ በአንድ ተማሪ አፍ ብቻ ለተጠረጠረው እንዴት አይሆን?

ስለዚህ በበኩሌ ጨዋታው ይቅር አልልም። ትምህርቱ ከተጠና በኋላ በልክ ቢጫወቱት ዓይንን ይከፍታል። ነገር ግን ዓይን ብቻውን ዳኛ አይሆንም። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» እንደ ተባለው፣ ከመጠቆም በፊት ሰውየውን ራሱን ለብቻው መጠየቅና መስማት ይገባል። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነውና፣ በዚህች ከተማ የምንማር ሁሉ ስሟን በሥራችን ልናከብር ይገባናል።

ወንድሜ ሆይ፤ ስምህን በክፍል ፊት የጠራሁት እኔ ነኝና፣ ይቅርታዬንም ክፍሉ ሁሉ በሚያነበው በዚህ መጽሔት ጽፌልሃለሁ።