«የአይቲ ሥራ ነው» እስከ መቼ?

በትምህርት ክፍላችን ከኮምፒውተር ጋር የተያያዘ ነገር ሲበላሽ ቶሎ የምትነገር አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፤ «እሱ የአይቲ ሥራ ነው» የምትል። ይቺ ዐረፍተ ነገር ከተነገረች በኋላ ጨዋታ ፈረሰ። ጠያቂው ይሄዳል፣ ተጠያቂው ይገላገላል፣ የተበላሸውም እንደተበላሸ ይከርማል። የተማሪዎች መገናኛ ገጻችንን የገጠመው ይኸው ነው። ዘንድሮ የገቡ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሊመዘገቡ ሲሞክሩ የማረጋገጫ ኢሜይል አልደርሳቸው አለ። የጠየቁት ሰው ሁሉ ወደ አይቲ መራቸው። አይቲዎቹ ደግሞ «እኛ ኔትወርክ እንጂ የእናንተን ገጽ አናውቅም» አሏቸው። መሀል ቤት ገጹ ኦና ሆነ፤ ሰዉም ወደ ቴሌግራም ነጎደ።

በበኩሌ ይህን አባባል አልቀበለውም። እንዲህ ዓይነቱን ሶፍትዌር መጠገንና ለራስ እንዲመች አድርጎ ማሰናዳት በአብዛኛው የጋዜጠኝነት ሥራ ነው ባይ ነኝ። ነገሩን ማጣራት፣ ቃል መምረጥ፣ ማን ምን ማየት እንዳለበት መወሰን የማን ሙያ ነው? ሦስቱም የእኛ አይደሉም እንዴ? እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ትንሽ ልበል። ገጻችን የቆመው ወርድፕረስ በሚባለው የብሎግ ሶፍትዌር ላይ ነው። ወርድፕረስን እ.ኤ.አ. በ2003 ማት ሙለንወግና ማይክ ሊትል የተባሉ ሰዎች ቢ2 ከሚባል ቀደምት ሶፍትዌር ተነስተው ሠሩት። በላዩ የተጫነው ባዲፕረስ ነው። እሱ ደግሞ በአንዲ ፒትሊንግ ተጀምሮ የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ተጨማሪ ፕሮግራም፣ ማለትም ፕለጊን ነው። ተራውን ብሎግ አባላት ያሉት መንደር ያደርገዋል፤ የግል ገጽ፣ ጓደኝነት፣ ቡድን፣ የግል መልእክትና የዕለት ውሎ ዝርዝር ይጨምርለታል። ሁለቱም በነጻ የሚገኙ ናቸው። ከሁሉም በላይ ፈቃዳቸው ማንም ከፍቶ እንዲያያቸው፣ እንዲለውጣቸውና የለወጠውን እንዲያካፍል ይፈቅዳል። ስለዚህ «ማን ፈቀደላችሁ?» ለሚለን ሰው መልሱ ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ መጥቷል።

ወደ ማጣራቱ እንምጣ። በዜና አጻጻፍ ክፍለ ጊዜ የተማርነው ምንድን ነው? ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። የማረጋገጫው ኢሜይል ቀረ ሲባል እነዚህኑ መጠየቅ ነው። የቀረው ለሁሉም ሰው ነው ወይስ ለአንዳንዱ? ከመቼ ጀምሮ? በዚያው ሳምንት የታደሰ ፕለጊን አለ? ጉዞው የት ላይ ቆመ? ባዲፕረስ ተመዝግበው ገና ያላረጋገጡ ሰዎችን ስም ለአስተዳዳሪው በዝርዝር ያሳያል። ስሙ እዚያ ካለ ምዝገባው ደህና ነው ማለት ነው፤ የጠፋው መንገድ ላይ ነው። ወርድፕረስ ኢሜይል የሚልከው ካልተነገረው በቀር በራሱ በሰርቨሩ በኩል ነው፤ ተቀባዮቹ ጂሜይልና ያሁ ደግሞ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ብዙ ጊዜ አያምኑትም፤ ወይ ቆሻሻ ሣጥን ይከቱታል ወይ ጨርሶ ይመልሱታል። መፍትሔው ደብዳቤው በታወቀ የኢሜይል አካውንት በኩል እንዲወጣ ማድረግ ነው። እስኪስተካከል ድረስም አስተዳዳሪው የተመዝጋቢዎቹን አካውንት በእጁ ሊያጸድቅ ይችላል። ለዚህ የኢንጂነሪንግ ዲግሪ አያስፈልግም።

ገጹ ነጭ ሆኖ ሲቀር ወይም አንዱ ቁልፍ አልሠራ ሲልም ዘዴው ያው ነው። ፕለጊኖቹን ሁሉ ማጥፋት፣ ገጹን ከወርድፕረስ ጋር የሚመጣውን ተራ ልብስ ማልበስ፣ ችግሩ ጠፍቶ እንደሆነ ማየት፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ ችግሩ ተመልሶ ሲመጣ «ያዝኩህ!» ማለት። ወደ ውስጥ መግባት እንኳ ካልተቻለ በሰርቨሩ ላይ የፕለጊኖቹን ፎልደር ስም መቀየር ሁሉንም ባንዴ ያጠፋቸዋል። ከእ.ኤ.አ. 2019 ወዲህ ደግሞ ወርድፕረስ ከባድ ስሕተት ሲገጥመው ለአስተዳዳሪው በኢሜይል የማገገሚያ ሊንክ ይልካል። ስሕተቶቹን በመዝገብ እንዲጽፍ ማዘዝም ይቻላል። መዝገቡ የፋይሉን ስምና የመሥመሩን ቁጥር ሳይቀር ይነግረናል። ከዚህ የበለጠ ታማኝ የዜና ምንጭ ከየት ይገኛል? ብቻ መዝገቡ ለጎብኚው ሁሉ ክፍት ሆኖ እንዳይቀር፤ የቤታችንን ጉድ ለአላፊ አግዳሚ ማንበብ ይሆናል።

ሁለተኛው ጉዳይ ቋንቋ ነው። እዚህ ላይ የውጭ ሰው እንዲያስተካክልልን ብንጠብቅ እድሜ ልካችንን እንጠብቃለን።

የአማርኛ ርእስ ስንጽፍ ሶፍትዌሩ ከርእሱ የገጹን ሊንክ ይሠራል። አንዱ የግእዝ ፊደል በኮምፒውተሩ ውስጥ 3 ባይት ይይዛል፤ በሊንክ ላይ ሲጻፍ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት የመቶኛ ምልክትና ሁለት ቁምፊ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ፊደላችን 9 ቦታ ይበላል። የተፈቀደው 200 ቦታ ብቻ ስለሆነ ከ22 ፊደል በላይ አይገባም። «የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ፈተና ተራዘመ የተባለው ሐሰት ነው» የሚል ርእስ ብንሰጥ ሊንኩ «ተራዘመ» ካለ በኋላ አንዲት «የ» አስከትሎ ይቆማል። ማስተባበያችን ራሱ ወሬውን አሰራጨ ማለት ነው! ብዙ ሰው ሊንኩን የሚያየው በመቶኛ ምልክት ተሞልቶ ስለሆነ ላያነበው ይችላል፤ አንዳንዱ ማሰሻ ግን መልሶ በፊደል ያሳየዋል። መድኃኒቱ ከማውጣታችን በፊት አጭር ሊንክ በእጃችን መጻፍ ነው። ይኼ የአዘጋጅ ሥራ እንጂ የአይቲ አይደለም።

የአባል ስምም እንዲሁ ነው። መግቢያ ስም በግእዝ ፊደል ቢጻፍ ወርድፕረስ አይቀበልም፤ የላቲን ፊደልና ቁጥር ይፈልጋል። ለሰው የሚታየው ስም ግን በአማርኛ መሆን ይችላል። በመመዝገቢያው ላይ ይህን የሚያስረዳ አንድ መሥመር አማርኛ ስለሌለ ስንቱ ተማሪ ስሙን ደጋግሞ ጽፎ «ትክክል አይደለም» ተብሎ ተመለሰ! የገዛ ስሙ ትክክል እንዳልሆነ የተነገረው ሰው ተመልሶ ባይመጣ አይፈረድበትም።

ፍለጋውስ? «ፀሐይ» ብሎ የተመዘገበውን አባል «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልገው ሰው አያገኘውም። ለእኛ አንድ ድምፅ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ ለዳታቤዙ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ቢያንስ በመምሪያዎቻችንና በቡድኖቻችን ስም ላይ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ብንከተል ግማሹ ችግር ይቃለላል። የአጻጻፍ መመሪያ ደግሞ በጋዜጣ ቤት ማን እንደሚያወጣ መምህራኖቻችን ነግረውናል።

ትርጉሙ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይበልጥ ይጣፍጣል። ሶፍትዌሩ አንድ አባል ሲጽፍ በእንግሊዝኛ የሚያወጣው ዐረፍተ ነገር ለወንዱም ለሴቷም ያው ነው። በአማርኛስ? «ጻፈ» እንበል ወይስ «ጻፈች»? መምህር ከሆኑ ደግሞ «ጻፉ» ነው፤ ሶፍትዌሩ አንቱታን ከየት ያውቃል? በዘፈቀደ «ጻፈ» ተብሎ ቢተረጎም ግማሾቻችን ሴቶች በየቀኑ ወንድ ተደርገን እንጠራለን፤ የዲፓርትመንቱ ኃላፊም አንተ ይባላሉ። ግሡን ትቶ «አዲስ ጽሑፍ ከአልማዝ» ብሎ ማለፍ ግን ይቻላል። የትርጉም ፋይሉ ከዋናው ፕሮግራም ተለይቶ ስለሚቀመጥ አንድ መሥመር ኮድ ሳንነካ ልንሠራው እንችላለን። ይህን መላ የሚያመጣው ቋንቋውን የሚያውቅ ነው እንጂ ሰርቨሩን የሚያውቅ አይደለም።

ሦስተኛውና ለእኔ ትልቁ ጉዳይ የውሳኔ ነው። የማስተካከያው ገጽ ላይ ያሉት ትናንሽ ሣጥኖች ምልክት ይደረግባቸው ወይም አይደረግባቸው የሚለው የኤዲቶሪያል ውሳኔ ነው። በባዲፕረስ ቡድን ሦስት ዓይነት ነው። ክፍቱን ማንም ያየዋል። የግሉ ስሙና መግለጫው ይታያል፣ የውስጡ ግን ለአባላት ብቻ ነው። ስውሩ ጭራሽ በዝርዝር ላይ አይወጣም። ስለ መምህራን ግምገማ የምንወያይበት ቡድን ከሦስቱ የትኛው ይሁን? የስልክ ቁጥር መሙያው ለሁሉም ይታይ፣ ለአባላት፣ ለጓደኞች ወይስ ለባለቤቱ ብቻ? አባል አካውንቱን ራሱ መሰረዝ ይችል ወይስ አይችል? ከ12ኛው ቅጂ ጀምሮ ደግሞ፣ እሱም እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ነው፣ መንደሩን በሙሉ ለአባላት ብቻ ማድረግ ይቻላል። እነዚህን ማንም ባይመልሳቸው ሶፍትዌሩ በራሱ ነባር ምርጫ ይመልሳቸዋል። ያኔ የእኛን ጉዳይ አገራችንን አይቶ የማያውቅ ሰው ወሰነልን ማለት ነው።

አንድ ነገር በተለይ ልጠቁም። «የግል መልእክት» የሚለው ስም አያታልለን። መልእክቱ ከሌላው አባል ይደበቃል እንጂ በዳታቤዙ ውስጥ ሳይመሰጠር ነው የሚቀመጠው፤ ዳታቤዙን መክፈት የሚችል ሁሉ ሊያነበው ይችላል። ምንጭ መጠበቅን እንደ ሃይማኖት የምንማር ሰዎች ይህን ሳናውቅ ምንጭ የምናነጋግርበት ከሆነ ምኑን ተማርነው? ይህን ማስጠንቀቂያ በመልእክት መጻፊያው ላይ በአማርኛ ማስቀመጥ የእኛ ግዴታ ነው።

«ቴሌግራም እያለ ምን አደከመን?» የሚሉ አሉ። ቴሌግራም ፈጣን ነው፣ ሁሉም አለው፤ አልክድም። ነገር ግን በሰው ወርቅ አይደምቁም። ኒንግ የሚባለው ድርጅት ማንም የራሱን ማኅበራዊ መረብ በነጻ እንዲያቋቁም ሲፈቅድ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2010 ነጻውን አገልግሎት አቆመ። ጉግል ፕላስ እ.ኤ.አ. በ2019 ለተራው ተጠቃሚ ተዘጋ። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተገድበው ለአምስት ወር ያህል ያለ ቪፒኤን አልከፈት ብለው ነበር። ኢንተርኔቱ በሙሉ ሲጠፋ የእኛም ገጽ እንደማይከፈት አውቃለሁ። ልዩነቱ ጽሑፎቻችን፣ ውይይቶቻችንና የአባላት ዝርዝራችን በእጃችን መቅረታቸው ነው። ከቴሌግራም ቡድን ውስጥ የሦስት ዓመት በፊት ድርሰት ፈልጎ ማውጣት ደግሞ የሞከረው ያውቀዋል።

«ተማሪ ሲነካካው ይበላሻል» የሚለው ሥጋት ግን እውነት አለው፤ በቁም ነገር ልውሰደው። ለዚህም የታወቀ ጥንቃቄ አለ። ከመንካት በፊት የፋይሉንም የዳታቤዙንም ቅጂ ማስቀመጥ፤ ለውጡን መጀመሪያ በላብ ኮምፒውተር ላይ ባለ የሙከራ ቅጂ ማየት፤ ዋናውን ፕለጊን ወይም የገጹን ዋና ልብስ ፈጽሞ አለመነካካት። በዋናው ላይ የጻፉት ሁሉ በሚቀጥለው እድሳት ይጠፋልና። ለውጡ በተለየ የልጅ ገጽታ ፎልደር ውስጥ ከተቀመጠ ግን እድሳቱ አይነካውም። የተሠራውን ሁሉ በቀንና በስም መመዝገብም የግድ ነው፤ እኛ ስንመረቅ የሚመጣው ተማሪ ከዜሮ እንዳይጀምር።

እንግዲህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ትምህርት ክፍሉ ከየዓመቱ ሁለት ሁለት ተማሪ መድቦ የአስተዳዳሪነት መብት ይስጣቸው፤ አንድ መምህርም ይከታተሏቸው። ሁለተኛ፣ ነባር ምርጫዎቹን እያነሳን የምንወስንበት አንድ ከሰዓት ይሰጠን፤ ውሳኔውም በዚሁ መጽሔት ይውጣ። ሦስተኛ፣ የትርጉሙ ሥራ የአማርኛ ዜና አርትዖት ኮርስ አንድ መልመጃ ይሁን። ከሚታዘዙልን ልምምዶች ሁሉ አንባቢ በየቀኑ የሚጠቀምበት እሱ ይሆናል።

ለአይቲ ክፍል ሠራተኞች ክብር አለኝ፤ ሰርቨሩ እንዲበራ፣ መስመሩ እንዲቀጥል የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ማተሚያ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ግን የጋዜጣውን ርእሰ አንቀጽ ጻፍልን አይባልም። የእኛን ድርሻ እኛ እንውሰድ። የማረጋገጫ ኢሜይል ጠብቀው ደክሟቸው የሄዱት የአንደኛ ዓመት ልጆች ስማቸው አሁንም በዝርዝሩ ላይ ተቀምጦ የሚያጸድቅላቸው ሰው እየጠበቀ ነው።