‹‹ለምን ጥላው አትወጣም?›› ከማለታችን በፊት

ባሏ የሚደበድባት ሴት ወሬ በተነሳ ቁጥር ከሁላችንም አፍ ቀድማ የምትወጣ ጥያቄ አለች፦ ‹‹ታዲያ ለምን ጥላው አትወጣም?›› ጥያቄዋ ቀላል ትመስላለች። ጠያቂው ግን ብዙውን ጊዜ መንገድ ዳር የሚኖር፣ ኪሱ ውስጥ የትራንስፖርት ብር የማያጣ፣ ስልኩን ማንም የማይበረብርበት ሰው ነው።

እስኪ ጥያቄዋን ወደ ሸኮ እንውሰዳት። ከሚዛን ወደ ቴፒ ከሚወስደው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በቡናና በእንሰት መሃል ያለ አንድ ቤት እናስብ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው። ባጃጅ የለም። ሞተር ሳይክል ቢገኝ እንኳ ነጂው የባልየው ጓደኛ ነው። ቡናውን የለቀመችው እሷ ናት፤ የሽያጩ ብር የገባው ግን እሱ ኪስ ነው። እናቷ ቤት ብትሄድ በማግስቱ ሽማግሌ ይላክባታል፤ ‹‹ለልጆችሽ ስትዪ ቻዪው›› ተብላ ትመለሳለች። ‹‹ውጪ›› የሚላት ሰው ወዴት፣ በምን፣ ከማን ጋር የሚለውን አብሯት ካላሰበ ምክሩ ምን ይረባታል?

ይህ የጥቂት ቤቶች ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ደግሞ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ቀደም ሲል የዓለም ጤና ድርጅት በአሥር አገሮች አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ሪፖርት፣ ቡታጅራ አካባቢ ባል ወይም አጋር ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ቀምሰዋል። ከተጠኑት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር የእኛው ነበር።

‹‹ውጪ›› የሚለው ምክር ሌላም አደጋ አለው። ጃኩሊን ካምቤል የተባለች አሜሪካዊት የነርሲንግ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሴቶች በአጋራቸው የሚገደሉት መቼ እንደሆነ አጥንታለች። ሁሉን ነገሯን ሲቆጣጠር የኖረ ሰው፣ ሴቷ ጥላው ስትወጣ ይበልጥ አደገኛ ሊሆን እንደሚችል ከግኝቶቿ አንዱ ነው። አንገት ማነቅ፣ በመሣሪያ ማስፈራራት፣ ‹‹እገልሻለሁ›› ማለትም ቸል የማይባሉ ምልክቶች ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር ካለ ቀልድ የለም፤ ዕቅዱ ዛሬውኑ ይጀመር።

ለመሆኑ የደኅንነት ዕቅድ ሲባል ምን ማለት ነው? ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንደሚባለው፣ ክፉው ቀን ሳይመጣ መዘጋጀት ነው። ለመውጣት ያልወሰነችም ታወጣዋለች።

ጠብ ሲጀመር ገጀራና መጥረቢያ ካለበት፣ ከማድ ቤትም መራቅ፤ በር ወዳለበት ጠጋ ማለት። ለልጆች መሃል ገብተው እንዳይገላግሉ፣ ሮጠው የሚሄዱበትን ቤት አስቀድሞ መንገር። ከአንዲት ጎረቤት ጋር በምልክት መስማማት፦ ለምሳሌ ልጁ ‹‹እማዬ ወንፊቱን ላኪልኝ ብላለች›› ብሎ ከመጣ ሰው ጠርተሽ ድረሺ ማለት ነው። ኔትወርክ በሚጠፋበት፣ ባትሪ በሚያልቅበት አገር ከስልክ ውጪ የሆነ ምልክት የግድ ነው።

መታወቂያ፣ የጋብቻና የልጆች ልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የምትወስደው መድኃኒት፣ ቅያሪ ልብስና ጥቂት ብር በታማኝ ሰው ቤት ይቀመጡ። የመሬት ደብተሩን ቅጂ አትርሱ፤ የገጠር መሬት ሕጉ የባልና ሚስት የጋራ ይዞታ ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዟል። ‹‹ከወጣሽ መሬቱን ታጪዋለሽ›› የሚለው ማስፈራሪያ ብዙ ሴቶችን አስሮ ስለሚያስቀምጥ ይህን ማወቅ ራሱ አቅም ነው። መንገዱም ይታሰብበት። የገበያ ቀን አንዲት ሴት ዘንቢል ይዛ ብትወጣ ማንም ‹‹ወዴት?›› አይላትም።

አሁን ወደ ስልካችን እንምጣ፤ ምክንያቱም ስልክ ያድናል፣ ያጋልጣልም። ባልየው ፓተርኗን የሚያውቅ ከሆነ፣ ሎኬሽኗ በርቶ ከሆነ፣ ቴሌግራሟ በእሱ ስልክም ላይ ተከፍቶ ከሆነ ዕቅዷን እያነበበው ነው። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ አካውንቱ የተከፈተባቸው ስልኮች ዝርዝር አለ፤ ማየት ደቂቃ አይፈጅም። ግን ልብ በሉ፦ የእሱን ስልክ ድንገት ማስወጣት ወይም ፓስወርድ መቀየር ራሱ ያስነቃዋል። ስለዚህ ምክክሩ በእህት ወይም በጓደኛ ስልክ ቢሆን ይሻላል። በቴሌብር ብር መቆጠብ ጥሩ ነው፤ ሆኖም የሚመጣው መልዕክት ቀሪ ሒሳቧን ይናገራል። የሰነዶቿና የጉዳቷ ፎቶ ከነቀኑ ታማኝ ሰው ጋር ይላክ፣ ከእሷ ስልክ ላይ ይጥፋ።

ይህን የምታነቡ ወጣቶች ብዙዎቻችሁ ወንድም፣ እህት፣ ጎረቤት፣ የዶርም ጓደኛ ናችሁ። ምን ማድረግ ትችላላችሁ? ሳታቋርጡ አዳምጡ። ‹‹ምን አድርገሽው ነው?›› አትበሉ፤ ‹‹ያንቺ ጥፋት አይደለም›› በሉ። ምን እንደሚያስፈልጋት ጠይቁ፣ ደኅንነቷን አብራችሁ አስቡ፣ ወደ እርዳታ አድርሷት። የዓለም ጤና ድርጅትም ለጤና ባለሙያዎች የሚመክረው የመጀመሪያ ድጋፍ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። እሷ ሳታውቅ እሱን ሄዶ መጋፈጥ፣ ፎቶዋን ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ግን በጎ ሐሳብ ይዞ ማስደብደብ ነው። ውሳኔው የእሷ ነው፤ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

ሕጉንም እንወቅ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ሳይጋቡ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ወንጀል አድርጎታል። ስለዚህ ‹‹የባልና ሚስት ነገር ነው›› ብሎ የሚመልሳት ፖሊስ ሥራውን አልሠራም። ተደፍራ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም መድረስ ኤችአይቪን የሚከላከል መድኃኒት ለማግኘት ወሳኝ ነው፤ ልብሷም ሳይታጠብ ይያዝ። ቀበሌ ላይ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የመጀመሪያዋ በር ልትሆን ትችላለች። ሴታዊት የተባለው የሴቶች ንቅናቄ የጀመረው አለኝታ የተሰኘ የነፃ ስልክ መስመር ቁጥሩ 6388 ነው። ቁጥርን ግን በክፉ ቀን ሳይሆን በደህና ቀን፣ ከሌላ ሰው ስልክ ደውሎ መሞከር የዕቅዱ አካል ይሁን፤ የወረዳ ፖሊስንም እንዲሁ።

ይህ ሁሉ ሸክም በእሷና በጎረቤቷ ጫንቃ ላይ ብቻ መቅረት የለበትም። የሕግ ባለሙያዋ ማሪያ ሙኒር የመሠረተችው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር አዲስ አበባ፣ አዳማና ሐዋሳ ውስጥ መጠለያ ከፍቶ ለብዙ ሴቶች ደርሷል። ሚዛን ግን ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ልጅ ያዘለች ሴት ያን ሁሉ መንገድ በሌሊት ትሂድ?

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከተመሠረተ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ዓመታት ተቆጥረዋል። የቤንች ሸኮና የሸካ ዞን ባለሥልጣናት አንድ ቀላል ጥያቄ መመለስ አለባቸው፦ ዛሬ ማታ ከሸኮ ወይም ከየኪ ወረዳ ከነልጆቿ ሮጣ የወጣች ሴት የት ታድራለች? ማን ያመጣታል? በማን በጀት? መልሱ ‹‹ጠዋት ትምጣ›› ከሆነ መልስ አይደለም። ሽማግሌዎቻችንም ከማስታረቃቸው በፊት ‹‹ብትመለስ ደኅና ታድራለች ወይ?›› ብለው ይጠይቁ። የሕግም የጤናም ትምህርት የሚሰጠው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ደጃፋቸው ላይ ነው፤ አብሮ መሥራት ይቻላል።

ከሁሉ በላይ ግን በሕጋችን ያለው ክፍተት ይደፈን። ፍርድ ቤት በአፋጣኝ ‹‹ከቤት ውጣ፣ እንዳትቀርባት›› ብሎ ደብዳቢውን የሚያርቅበት፣ ለቤት ውስጥ ጥቃት ተብሎ የተዘጋጀ የጥበቃ ትዕዛዝ ሥርዓት የለንም። ስለዚህ ዛሬም ዘንቢል ይዛ የምትወጣው ተደብዳቢዋ ናት፤ ደብዳቢው ቤቱን፣ ቡናውንና ደብተሩን ይዞ ይቀመጣል። ይህ እስኪለወጥ ድረስ ‹‹ለምን አትወጣም?›› የሚለውን ትተን ‹‹ምን ላዘጋጅልሽ?›› እንበል። የምታስቀምጡላት አንድ ፌስታል ልብስ፣ የምትይዙላት አንድ ቁጥር ቀላል ነገር አይደለም።