«እኛ አልተገዛንም» ብሎ ማረፍ

ባለፈው ሳምንት በድርሰት ክፍለ ጊዜ መምህራችን ስለ ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ሲያስረዱን፣ ከኋላ ወንበር አንዱ ጓደኛችን «ይኸ የተገዙት ሰዎች ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ከክፍል ከወጣን በኋላ ግን ሳቁ አላማረንም።

የዐድዋን ኩራት የሚነቅፍ የለም። ዳሩ ግን ኩራቱን ትራስ አድርገን ተኝተንበታል። በ1958 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቈጣጠር እንጽፋለን) ንጉሠ ነገሥቱ ለአፍሪቃ ወጣቶች ነፃ የትምህርት ዕድል ሲሰጡ፣ ከኬንያ፣ ከዩጋንዳና ከሌሎችም አገሮች ተማሪዎች ወደ አዲስ አበባ መጡ። የእኛዎቹ እናስተምራቸዋለን ሲሉ ተማሪ ሆነው ቀሩ። በቅኝ ገዥ ሥር ያደገው እንግዳ ስለ ምርጫና ስለ ፓርቲ በግልጽ ይከራከራል፤ ነፃው ባለ አገር ግን አንድም የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረውም። በዚያ ዘመን እዚያው ከተማሩት ኬንያውያን አንዱ ሮበርት ኡኮ ነበር። በኋላ የአገሩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ፤ በ1990 ተገደለ፤ በገዳይነት የተፈረደበት ሰው የለም። ነፃነት መጣ ማለት ሁሉ ነገር ተፈጸመ ማለት እንዳልሆነ ጎረቤቶቻችን ቀድመውን ያዩት እንዲህ ባለው ነው።

የናይሮቢ ዋና ጐዳና በእንግሊዙ ባለ ርስት በሎርድ ደላሜር ስም ይጠራ ነበር፤ ከነፃነት በኋላ የኬንያታ ጐዳና ተባለ። እኛም ናዝሬትን አዳማ፣ ደብረ ዘይትን ቢሾፍቱ፣ ዝዋይን ባቱ ብለናል። መልካም ነው፤ ስሙ የነዋሪው ነውና። (የመኪና ረዳቶች ግን ዛሬም «ናዝሬት! ናዝሬት!» እያሉ መጣራታቸውን አልተዉም።) ነገር ግን የደላሜር ቤተሰብ በኬንያ ስምጥ ሸለቆ ሰፊ መሬት እስከ ዛሬ አለው። ከናይቫሻ ሐይቅ ዳር በፕላስቲክ ቤት የሚበቅለው ጽጌረዳ ወደ ሆላንድ ይጫናል፤ ከባቱ ከተማ አጠገብ፣ ከዝዋይ ሐይቅ ዳር የሚበቅለውም እንዲሁ። አንዱ የተገዛ አገር፣ ሌላው ያልተገዛ አገር። አበባ ለቃሚዋ ልጅ ልዩነቱን ታውቀው ይሆን?

ወደ ንጉጊ እንመለስ። በ1977 የመንግሥቱን ሰዎች አጥብቆ የሚነቅፍ ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ አልታሰረም። በዚያው ዓመት ካሚሪቱ በምትባል መንደር ከገበሬዎችና ከሠራተኞች ጋር በኪኩዩ ቋንቋ ተውኔት አሳየ። ተውኔቱ ታገደ፤ ደራሲው በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ያለ ፍርድ ታሰረ። ያሰረው እንግሊዝ አይደለም፤ 14 ዓመት የሞላው ነፃ መንግሥት ነው። የተፈራው ነገሩ ሳይሆን ሕዝቡ መስማቱ ነበር።

ሶማሌዎች በ1972 ቋንቋቸውን በላቲን ፊደል አድርገው ተማሪዎቻቸውን ወደ ገጠር አዘመቱ። ያን ያዘዘው ወታደራዊ መንግሥት አገሪቱን አድቅቆ በ1991 ወደቀ፤ ፊደሉ ግን ቀረ። እዚህ ኦሮምኛ በቁቤ እንዲጻፍ የተወሰነውም በዚያው በ1991 ነው። ሹፌሮቻችን በአዳማ በኩል በየቀኑ የሚወርዱባት ጂቡቲ በ1977 ነፃ ብትወጣም፣ የመንግሥቷ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው፤ ሕዝቡ በቤቱ የሚነጋገረው ግን በሶማሊኛና በአፋርኛ ነው።

እኛስ? ከመካከላችን በኦሮምኛ ፊደል የቈጠረ አለ፤ በአማርኛ የቈጠረም አለ። ከፍ ባለው ትምህርት ግን ማንም ቅኝ ገዥ ሳያስገድደን ሁላችንም በእንግሊዝኛ እንፈተናለን። ያ «እኛን ምን አገባን» ያለው ጓደኛችን በሻይ ሰዓት ስለ ገዳ ሥርዓት ሲያወራ መምህር ያስንቃል። በዚያው ርእስ ፈተና ሲቀርብለት ግን ሁለት መስመር ጽፎ ወጣ። አላወቀም ተባለ። እንግሊዝኛ ይጥፋ አላልንም፤ ዓለምን የምናይበት መስኮት ነው። መስኮት ግን የቤት በር ሲሆን አስቸጋሪ ነው።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን የትምህርት ክፍላችንን እንዲጠይቅልን የምንፈልገው፣ ቢያንስ የክፍል ውይይትና የቃል ፈተና በኦሮምኛና በአማርኛም እንዲፈቀድ ነው። የጎረቤቶቻችንን መጻሕፍት የምናነብበት ማታ ማታ የሚሰበሰብ ቡድን ደግሞ ራሳችን ልንጀምር ተስማምተናል። የአፍሪቃ ኅብረት በ2022 ስዋሂሊን የሥራ ቋንቋው አድርጓል፤ ከእኛ መካከል ግን «ጃምቦ»ን አልፎ የሚሄድ አላገኘንም። የሚችል ካለ ስሙን ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጥ።