«ፊዚክስ ተምረህ ምን ልትሆን?» ለምትሉ ሁሉ



ጁሙዓ ጁሙዓ ከአራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ወደ ፒያሳ ኑር መስጂድ የሚወርዱ የፊዚክስ ተማሪዎቻችንን ከሶላት በኋላ በር ላይ የሚጠብቃቸው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ተምረህስ? አስተማሪ ልትሆን?» ምክሩም ይከተላል፦ «ይልቅ ሱቅ ክፈት።»

ይህን የምንለው እኛው ነን። የኢብኑል ሐይሠም ስም ሲነሳ «ማሻአላህ!» የምንለው እኛ! ከሺህ ዓመት በፊት ካይሮ ተቀምጦ ስለ ብርሃን የጻፈውን ሰው በኩራት እንጠራለን፤ የእሱን ትምህርት የመረጠውን ልጃችንን ግን እናሸማቅቃለን። ይህ ፍትሕ ነው?

እውነቱን እንነጋገር። አስተማሪነት ክብር ነው፤ ደመወዙ ግን ቤት አያቆምም። በዩኒቨርሲቲ ለመቅረትም ማስተርስ፣ ፒኤችዲ፣ ከዚያም ጥቂት ቦታ ነው ያለው። ነገር ግን ማንም የማያሳያቸው ሌላ በር አለ፤ የፓተንት ሥራ። አንስታይን በ1905 እ.ኤ.አ. ዓለምን የቀየሩ ጽሑፎቹን ሲያወጣ ስዊዘርላንድ በርን ከተማ የፓተንት መርማሪ ነበር። እኛም አገር የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123/1987 አለ፤ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤትም በ1995 ተቋቁሟል። የአንድን መሣሪያ ማመልከቻ ማን ይጻፈው? ማንስ ይመርምረው? ሕግ ብቻ ያጠና ሰው አይበቃም፤ አሠራሩ የገባው ያስፈልጋል።

በአዋጁ ሳይንሳዊ ንድፈ ሐሳብ ፓተንት አይሰጠውም። ከንድፈ ሐሳቡ ተነስቶ የተሠራ አዲስ መሣሪያ ግን ለ15 ዓመት ይጠበቃል። ልጃችን ይህን ስለማያውቅ የመመረቂያ ሥራውን ላገኘው ሁሉ ያሳያል፤ ሌላው ወስዶ ይሸጠዋል።

«ዕውቀት የአላህ ነው፤ በፓተንት አይታጠርም» የምትሉ ወንድሞች፣ ፓተንት ዕውቀትን መደበቅ አይደለም። እንዲያውም የፈጠራው ባለቤት አሠራሩን ገልጦ እንዲጽፍ ይገደዳል፤ ጥበቃው የዚያ ዋጋ ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚም በ1988 እ.ኤ.አ. ኩዌት ላይ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ መሆኑን፣ መዳፈሩም እንደማይፈቀድ ወስኗል። የሰው ዕቃ መስረቅ ሐራም ከሆነ፣ የሰው ልፋት መውሰድ እንዴት ሐላል ይሆናል?

ነጋዴ ወንድሞቻችን ሆይ! ለሱቅ መክፈቻ ከምታበድሩት ላይ ጥቂቱን ለአንድ ተማሪ መሥሪያና ለማመልከቻው ክፍያ አውሉት። የጀመዓ ኃላፊዎች ሆይ! አንድ የእረፍት ቀን ሕጉን የሚያውቅ ሰው ጋብዛችሁ ተማሪዎቹን ሰብስቡ። ወላጆች ሆይ! ለምርቃት እንኳ ታገሱ።

የሚመጣው ጁሙዓ ኢንሻአላህ በር ላይ ስታገኙት «ምን ልትሆን?» አትበሉት። «ምን እየሠራህ ነው? አስመዝግበኸዋል?» በሉት።

ወላሁ አዕለም። ለተማሪ ልጆቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።